ያልተገኘው ፍጥነት፦ ስሊፕ፣ ጉድለትና የምክንያት ፍለጋ

ፕሮፔለር አንድ ዙር ሲዞር በስሌት ወደፊት መግፋት ያለበት ርቀት ፒች ይባላል። ፒቹ 24 ኢንች የሆነ ፕሮፔለር፣ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ሳይንሸራተት ቢጓዝ፣ በአንድ ዙር 61 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ውሃ ግን እንጨት አይደለም። ሲገፉት ይሸሻል፣ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ጀልባውም ከስሌቱ ያነሰ መንገድ ይሄዳል። በስሌቱና በተገኘው ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት በመቶኛ ሲገለጽ ስሊፕ ይሉታል። ለሩጫ የተሠራ የሞተር ጀልባ የሚጠበቅበትን ያህል አልሮጥ ሲል መካኒኮች አስቀድመው የሚያሰሉት ይህንን ቁጥር ነው። ስሌቱ የአራት መስመር ሒሳብ ነው፤ ትርጉሙ ግን ፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት ብዙ ዘመን የተከራከሩበትን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የጎደለ ነገር «አለ» ይባላል? አለ ከተባለስ ለሌላ ነገር ምክንያት ሊሆን ይችላል?

ሞተሩ በደቂቃ 5,800 ጊዜ የሚዞር አንድ ጀልባ ለምሳሌ ይወሰድ። ማርሹ 1.75 ለ1 ስለሚቀንስ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 3,314 ዙር ያደርጋል። ይህ በ24 ኢንች ፒች ሲባዛ በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጂፒኤሱ ያሳየው ግን 106 ነው። ስሊፑ 12.5 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። የጀልባው ባለቤት «አሥራ አምስቱ ኪሎ ሜትር የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተፈጥሯዊ ቢሆንም ከመነሻው ስህተት አለበት፤ ያ ፍጥነት ኖሮ የጠፋ አይደለም። ጀልባው በዚያ ፕሮፔለርና በዚያ ዙር 121 ሄዶ አያውቅም፤ ሊሄድም አይችልም።

የማይችልበት ምክንያት ከሥራ ጉድለት የመጣ አይደለም። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊሊያም ራንኪን እ.ኤ.አ. በ1865 እንዳሳየው፣ ፕሮፔለር ጀልባን የሚገፋው ውሃን ወደ ኋላ በማፍጠን ብቻ ነው። ወደ ኋላ የተወረወረ ውሃ ከሌለ ወደፊት የሚገፋ ኃይል የለም። የፕሮፔለሩን ክንፍ ሥራ በቅርብ ለሚያይም መልሱ ያው ነው፤ ክንፉ ከሚመጣበት ውሃ ጋር ጥቂት ዲግሪ ማዘንበል አለበት፤ ያ ማዘንበል በስሌቱ ላይ ሲታይ ስሊፕ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ፕሮፔለር ስሊፑ ወደ ዜሮ ሲወርድ ግፊቱም አብሮ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ወደብ ላይ በገመድ የታሰረ ጀልባ ሞተሩ ሲነሳ ስሊፑ መቶ በመቶ ነው፤ ፕሮፔለሩ ግን በኃይል የሚገፋው ያን ጊዜ ነው። ስሊፕ ሁልጊዜ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ጀልባ ከሁሉ የከፋ ጥፋት የሚሠራው ገመዱን ለመበጠስ እስኪደርስ ሲጎትት በሆነ ነበር።

እዚህ ላይ አርስቶትል በ«ምድቦች» መጽሐፉ ያበጀው ልዩነት ጠቃሚ ነው። ማየት የማይችል ሁሉ ዕውር አይባልም፤ ዕውር የሚባለው ማየት በተፈጥሮው የሚገባው ሆኖ ሳለ፣ በሚገባውም ጊዜ፣ ማየት ያቃተው ነው። ድንጋይ አያይም፣ ነገር ግን አልታወረም። አንድ ነገር አለመኖሩ ብቻ ጉድለት አይሆንም፤ ጉድለት የሚሆነው የሚገባው ነገር ሲቀር ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ፣ እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ አለመሆኑን ባስተማረበት ስብከቱ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ክፋት ራሱን ችሎ የቆመ ባሕርይ የለውም፤ የበጎ ነገር መጉደል ነው፤ ዕውርነትም ዓይን ሲጠፋ የሚከተል እንጂ ለብቻው የተፈጠረ ነገር አይደለም። የባስልዮስ ጉዳይ የነፍስ ጉዳይ ነበር። የሐሳቡ አጥንት ግን ለብረትም ይሠራል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በምሳሌው ጀልባ ላይ የተገኘው 12.5 በመቶ ምንም ጉድለት ላይሆን ይችላል። ቀላልና ፈጣን ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 በመቶ ባለው ውስጥ ይሮጣሉ፤ ከባድና ዘገምተኛ ጀልባ ላይ ደግሞ 30 በመቶ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ብቻውን የድንጋይን አለማየት ከዓይነ ሥውርነት አይለይም። የሚለየው ለዚህ ጀልባ፣ በዚህ ጭነት፣ በዚህ ቦታ የሚገባው ምን ያህል ነው የሚለው ዕውቀት ነው። ቦታ ሲባል ቀላል ነገር አይደለም። ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። በባሕር ላይ የተለካን ጀልባ ወደ ጣና አምጥቶ «ሰነፈ» ማለት፣ ያልተሰጠውን ነገር ከእሱ መጠየቅ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሁለተኛ ስህተት ከመጀመሪያው ይበልጥ የተስፋፋ ነው። «ስሊፑ ስለበዛ ፍጥነቱ አነሰ» ይባላል፤ አባባሉ ምክንያት የሰጠ ይመስላል። ስሊፕ የሚሰላው ግን ከተለካው ፍጥነት ነው። ስለዚህ አባባሉ ሲፈታ «ፍጥነቱ ያነሰው ከስሌቱ ስላነሰ ነው» ማለት ይሆናል፤ ያው ነገር ተመልሶ በሌላ ልብስ መጣ። ጉድለት የነገር ባሕርይ ከሌለው ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ራሱ ምክንያት የሚፈለግለት ነው። ይህ ማለት ግን ቁጥሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ፍጥነት የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፤ የፕሮፔለሩ ዙር፣ ፒቹ፣ እና ከስሊፕ የተረፈው ክፍል። ስለዚህ የስሊፕ ስሌት ተጠርጣሪዎችን በሁለት ጎራ ይከፍላል፦ ዙሩ አንሶ ነው ጀልባው የዘገየው፣ ወይስ ዙሩ ሞልቶ ወደ መንገድ ሳይለወጥ ቀርቶ? ወንጀለኛውን አይጠቁምም፣ ሰፈሩን ግን ያመለክታል።

ሰፈሩን ከማመን በፊት ደግሞ ሚዛኑ ራሱ መመዘን አለበት። በምሳሌው ላይ ፕሮፔለሩ ላይ 24 ተብሎ ተቀርጿል፤ ተጠግኖ ወይም ተጣሞ እውነተኛው ፒች 23 ቢሆን ስሊፑ ከ12.5 ወደ 8.8 በመቶ ይወርዳል። የዙር ቆጣሪው 200 ዙር አብዝቶ የሚያነብ ከሆነ ብቻውን ወደ 9.4 ያወርደዋል። ፍጥነቱ የተለካው ከፊት በሚመጣ ጅረት ላይ ሆኖ እውነተኛው 110 ቢሆን 9.3 ይሆናል። ሦስቱ ትናንሽ ስህተቶች በአንድ አቅጣጫ ሲደመሩ ስሊፑ 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ያርፋል፤ ያ «የጠፋ» ፍጥነት ከሞላ ጎደል ወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ሆነ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ስሌቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጀልባው ከፕሮፔለሩ ቀድሞ የሄደ ይመስላል። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የክንፉ የኋላ ጠርዝ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ነው፤ እጥፋቱ ከተቀረጸው ቁጥር የበለጠ ፒች ይሰጣል። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ አንዱን መስመር በሁለቱም አቅጣጫ ሮጦ አማካዩን ይወስዳል፣ የዙር ቆጣሪውን በሌላ መሣሪያ ያመሳክራል፣ ፒቹንም ፕሮፔለር ጠጋኝ ዘንድ ያስለካል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ለዚህ ነው።

ልኬቱ ከጸና በኋላ ሁለቱ ጎራዎች ይታያሉ። ሞተሩ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተሰጥቶት አምራቹ ወዳዘዘው ዙር ካልደረሰና ስሊፑ መደበኛ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ሞተሩ ድካም፣ ለጉልበቱ ወደበዛ ፒች፣ ወይም ወደ ጀልባው መክበድ ይሄዳል። በወለሉ ሥር ያለው ፎም ለዓመታት ውሃ ሲጠጣ የጀልባው ክብደት ማንም ሳያየው ይጨምራል፤ የመኪና ሚዛን ላይ ማውጣት ክርክሩን ይጨርሳል። ሌላው ስውር ነገር የሆዱ ቅርጽ ነው። ረጅምና ቀጥ ያለ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር፣ ከኋላው ጠርዝ ጀምሮ ወደፊት፣ ሲጋደም መሐሉ ላይ ብርሃን ካለፈ ሆዱ ወደ ውስጥ ጎብጧል። ያ ጉብጠት ሲሮጥ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫናል፣ ውሃ የሚነካውን የሆድ ስፋት ይጨምራል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጉብጠት ለሩጫ ጀልባ ትልቅ ዕዳ ነው።

ዙሩ በቀላሉ ከወጣና ጀልባው ካልተከተለ ግን ፕሮፔለሩ ውሃውን አልያዘም ማለት ነው፤ ወይም እንዲህ ይመስላል። ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠሉ (አውትቦርድ) ሞተሮች ፕሮፔለሮች ብዙዎቹ በእምብርታቸው ውስጥ የጎማ ቡሽ አላቸው፤ ክንፉ ድንጋይ ሲመታ ማርሹ እንዳይሰበር ጎማው ይንሸራተታል። ጎማው ካረጀ ግን ያለ ምንም ምት፣ ከፍተኛ ጉልበት ሲጫነው ብቻ፣ ቀስ እያለ መንሸራተት ይጀምራል። ምርመራው ቀላል ነው። ከውስጠኛው የናስ ቱቦ ተነስቶ ጎማውን አቋርጦ እስከ ውጪው ብረት የሚደርስ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ይሳባል። ቀለሙ ሲደርቅ ጀልባው በሙሉ ጉልበት ይሮጣል፤ ከዚያ ፕሮፔለሩ ይታያል። መስመሩ ተሰብሮ ግማሹ ወደ አንድ ወገን ከሄደ ጉዳዩ አለቀ። ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ይህ ጉዳይ ነው፦ ስሌቱ 30 በመቶ ስሊፕ እያለ ውሃውን ሲከስ ቆይቷል፤ ውሃው ግን ንጹሕ ነበር። ፕሮፔለሩ ስሌቱ የገመተውን ያህል አልዞረም። መንሸራተቱ የነበረው በጎማውና በናሱ መካከል ነው።

ከጎማው ሌላ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ቬንቲሌሽን የሚባለው ከውሃው ገጽ በላይ ያለ አየር ወይም የጭስ ማውጫው ጋዝ ወደ ክንፎቹ ሲሳብ ነው፤ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲታሰር፣ ትሪሙ (የሞተሩ ማዘንበል) ሲበዛ ወይም ጀልባው ሹል ኩርባ ሲይዝ ይመጣል። ካቪቴሽን ደግሞ አየር አያስፈልገውም። በክንፉ ጀርባ ላይ ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል፣ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው በድንገት ወደ ውስጥ ሲፈርስ ብረቱን ይቆረቁራል። ሁለቱም በመሪው ላይ ለተቀመጠ ሰው አንድ ዓይነት ይሰማሉ፤ ዙሩ ይጮኻል፣ ግፊቱ ይላላል። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያውን ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ሊፈውሰው ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ብዙ ጊዜ የክንፍ ስፋት ወይም የተሻለ ቅርጽ ካልሆነ ምንም አይፈውሰውም።

አንድ ውጤት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ከቻለ ምክንያቱን እንዴት መለየት ይቻላል? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ ያስቀመጠው የልዩነት ዘዴ እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይሠራበታል፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ አንዱን ብቻ መለወጥ፣ ከዚያ ውጤቱን ማየት። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለጀልባ ግን ሙሉ በሙሉ አይፈጸምም። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፤ ዙሩ ሲጨምር ጉልበቱ ይለወጣል፤ አዲሱ ክንፍ አፍንጫውን በሌላ መጠን ስለሚያነሳ የሆዱ ውሃ መንካት ይለወጣል፤ ስሊፑም አብሮ ይነቃነቃል። አንድ ነገር የለወጠ ሰው አራት ነገር ለውጧል። ሚል ራሱ ውጤቶች ሲደባለቁ ዘዴው እንደሚደክም አልሸሸገም። ሐቀኛ ምርመራ ስለዚህ አንድን ለውጥ ብቻ ሳይሆን ከለውጡ ጋር የተነቃነቀውን ሁሉ ይመዘግባል።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ታሪካዊ ምሳሌ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል አካባቢ ተሠርቷል። መሐንዲሱ ቻርልስ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1884 የእንፋሎት ተርባይን ከሠራ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ተርባይን መርከብ ሊነዳ እንደሚችል ለማሳየት ተርቢኒያ የተባለች ጀልባ ሠራ። ከ31 ሜትር በላይ ርዝመት ያላትና 44 ቶን ገደማ የምትመዝን ቀጭን ፈጣን ጀልባ ነበረች፤ ለ30 ኖትና ከዚያም በላይ የታሰበች። እ.ኤ.አ. በ1894 ስትሞከር ግን ከ20 ኖት በታች ቀረች። ፕሮፔለር ተቀየረ፣ እንደገና ተቀየረ፤ ፍጥነቱ እምቢ አለ። ስሊፑ ወደ ግማሽ ይደርስ ነበር።

ጥርጣሬው ሁሉ ተርባይኑ ላይ ቢያርፍ አያስገርምም። አዲሱ ነገር እሱ ነው፤ ፕሮፔለር የታወቀ ዕቃ ነው፤ የማያውቁትን መጠርጠር ደግሞ የሰው ልማድ ነው። ፓርሰንስ ለክርክር አልተቀመጠም። ተርባይኑ ለዘንጉ የሚያስረክበውን የመጠምዘዝ ኃይል የሚለካ ባለ ስፕሪንግ መሣሪያ ሠርቶ በተርባይኑና በፕሮፔለሩ መካከል አስገባ። ልኬቱ ተርባይኑ ሥራውን እየሠራ መሆኑን አሳየ፤ ኃይሉ እስከ ፕሮፔለሩ በደህና ይደርስና እዚያ ይባክናል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1895 ትንሽ የውሃ ገንዳ ሠርቶ፣ በውስጡ ትንሽ ፕሮፔለር እያዞረ፣ በብልጭታ ብርሃን ክንፎቹን ተመለከተ። በዓይን የታየው የእንፋሎት አረፋ ነበር። በዚያው ዘመን የመርከብ መሐንዲሶቹ ቶርኒክሮፍትና ባርናቢ ዴሪንግ በተባለች የጦር መርከብ ሙከራ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸው ነበር፤ ካቪቴሽን የሚለው ስያሜም የመጣው ከሮበርት ኤድመንድ ፍሩድ ነው።

እዚህ ላይ የፈረንሳዩ ፊዚሲስትና ፈላስፋ ፒየር ዱሄም እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ንጽጽር ይነሳል። የቆመ ሰዓት የተሰጠው ሰዓት ሠሪ ጥርሶቹን ሁሉ ፈትቶ አንድ በአንድ እያየ የተጣመመውን ወይም የተሰበረውን ያገኛል። ሐኪም ግን ሕመምተኛውን በትኖ ሊመረምር አይችልም፤ በሰውነቱ ሁሉ ላይ ከሚታየው ምልክት ተነስቶ የሕመሙን ቦታ መገመት አለበት። ዱሄም ፊዚሲስት የሚመስለው ሐኪሙን ነው ይላል፤ ሙከራ ሲከሽፍ የሚወድቀው አንድ ግምት ሳይሆን አብረው የተፈተኑት ግምቶች በአንድነት ናቸውና።

የጀልባ መካኒክ ከሐኪሙ የተሻለ ዕድል ያለው ይመስላል፤ መፍቻ ይዟል፣ መፍታትም ይችላል። የተርቢኒያ ጉዳይ ግን ከሁለቱም የጠለቀ ነው። ሰዓት ሠሪው ተርቢኒያን ቢፈታት ኖሮ የተሰበረ ነገር አንድም አያገኝም ነበር። ተርባይኑ ደህና ነው። ፕሮፔለሩ በሥርዓት የተሠራ ነው። የጀልባዋ አካል ቀጭንና ፈጣን ነው። ጉድለቱ የነበረው በየትኛውም ዕቃ ውስጥ ሳይሆን በሁለት ደህና ዕቃዎች መካከል ነው፤ በጣም ፈጥኖ የሚዞር አንድ ዘንግ ያን ሁሉ ኃይል በአንድ ትንሽ ፕሮፔለር ላይ ሲጭን፣ ውሃው ሊሸከመው አልቻለም። ጉድለት ራሱን የቻለ ባሕርይ የለውም የሚለው ሐሳብ ከዚህ የጠራ የብረት ማስረጃ ያለው አይመስልም። ሃያ መርማሪ ዕቃ በዕቃ ቢፈልግ የማያገኘው ጉድለት፣ ሁሉም ዕቃ አንድ ላይ ሲሠራ ብቻ ይታይ ነበር።

መፍትሔውም የተበላሸ ነገር መቀየር ሳይሆን ግንኙነቱን እንደገና ማበጀት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1896 አንዱ ተርባይን ወጥቶ እንፋሎቱን ተራ በተራ የሚቀባበሉ ሦስት ተርባይኖች ገቡ፤ እያንዳንዱ የራሱን ዘንግ ያዞራል፣ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ሦስት ፕሮፔለር ታሰረ፤ በጠቅላላው ዘጠኝ። ጭነቱ በብዙ ክንፍ ላይ ተከፋፈለ። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1897 በስፒትሄድ፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ የስድሳ ዓመት ኢዮቤልዩ በተሰለፉት የጦር መርከቦች መካከል ተርቢኒያ ከ34 ኖት በላይ ሮጠች፤ ሊያስቆሟት የተላኩት የባሕር ኃይሉ ጀልባዎች አልደረሱባትም። የጀልባዋ አካል በ1894 ከ20 ኖት በታች የቀረው ያው አካል ነበር።

ዘጠኝ ፕሮፔለር ግን የዘለቀ መፍትሔ አልነበረም። ፓርሰንስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ ቬስፔዥያን በተባለች የጭነት መርከብ ላይ በተርባይኑና በፕሮፔለሩ መካከል ማርሽ አስገብቶ፣ ተርባይኑ በሚመቸው ፍጥነት፣ ፕሮፔለሩም በዝግታ እንዲዞሩ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ባለ ተርባይን መርከቦች በብዛት የተሠሩት በማርሽ ነው።